ከታፔላው ጎን ስንት ይቀራል?

ጾም ሲገባ በከተማችን መሃል አንድ ነገር ይበዛል፤ «የጾም በያይነቱ አለ» የሚል ሰሌዳ። አንዱ በጠመኔ የተጻፈ ጥቁር ሰሌዳ ነው። ሌላው ብረት ላይ የተወጠረ ባነር ነው። ሌላው ደግሞ ከላይ በማጠፊያ ተያይዘው ከታች እግራቸውን ከፍተው የሚቆሙ ሁለት ሳንቃዎች ናቸው፤ ከጎን ሲያዩት «ለ» ፊደልን ይመስላል። የሚቆሙበት ቦታ ግን አንድ ነው፤ ሰው የሚያልፍበት መሃል። ፋሲካ ሲደርስ ጽሑፉ ወደ «ልዩ ክትፎ» ይቀየራል እንጂ ሰሌዳው አይነሳም።

ከምግብ ቤቱ ቀጥሎ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አለ፤ «ላሚኔሽን፣ ጉርድ ፎቶ በ5 ደቂቃ»። ቀጥሎ የልብስ ቤቱ አሻንጉሊት ጃኬት ለብሳ ቆማለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የጥርስ ክሊኒክ ደግሞ ቀስት ያለበት ታፔላ ደረጃው ሥር አቁሟል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምንም አይደለም። እጁ ባዶ የሆነ ጎረምሳ ትከሻውን ዞር አድርጎ ያልፋል። በክራንች የሚሄድ፣ ልጅ አዝላ ዘንቢል ያንጠለጠለች፣ ነጭ በትር የያዘ፣ ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸውና «ወደ አስፋልቱ ይወርዳል» የሚለው ቀላል ቃል አይደለም።

ጉዳዩ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በከተማ ውበት ስም ነው። ታፔላው አስቀያሚ ነው፣ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ፊደሉ ተሳስቷል ይባላል። እኔ ከአስቀያሚ ታፔላ ጋር ጠብ የለኝም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ያስቀኛል። ጥያቄው የልኬት ነው። ሰሌዳው ቆሞ ከጎኑ ስንት ሴንቲ ሜትር ቀረ?

ሜትሩን ስንዘረጋ

የእግረኛ መንገድ ስፋት ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው ከግድግዳ እስከ ጠርዝ ያለው ንጣፍ ነው። ሰው የሚሄደው ግን በዚያ ሁሉ ላይ አይደለም። ግድግዳው አጠገብ የመስኮት ብረት፣ ወደ ውጭ የሚከፈት በር፣ የደረጃ ጫፍ፣ ቆሞ መስታወት ውስጥ የሚያይ ገበያተኛ አለ፤ እዚያ 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ይጠፋል። በጠርዙ በኩል የመብራት ምሰሶ፣ ዛፍ፣ የትራፊክ ምልክት፣ ሊስትሮ አለ፤ እዚያም 40 ወይም 50 ይሄዳል። ስለዚህ በወረቀት 2 ሜትር የሆነው መንገድ ለሂያጁ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ነው። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ መሃለኛው ክፍል ላይ ነው፤ ነጻ መተላለፊያው እሱ ነው።

እንግዲህ 60 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ሰሌዳ እዚህ ላይ አቁሙ። ወደ አንድ ወገን ጥግ ካስያዛችሁት የሚቀረው 60 ነው። መሃል ካቆማችሁት ግራና ቀኝ 30፣ 30 ይቀራል። ዊልቸር ከጎማ እስከ ጎማ ከ65 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ጎማውን በእጁ የሚያሽከረክረው ሰው ክንድ ሲጨመር ከዚያም ያልፋል። ባለቤቱ «ትንሽ ናት እኮ» የሚላት ሰሌዳ፣ የመንገዱን ሢሶ እንኳ ሳትይዝ፣ መንገዱን ለአንዳንዱ ሰው ሙሉ በሙሉ ዘግታዋለች። ስለ ሰሌዳው መጠን መከራከር ከንቱ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ መለካት ያለበት ቀሪው ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ቀሪ በቁጥር አስቀምጠውታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት መስፈርት ዝቅተኛው ነጻ ስፋት 36 ኢንች ነው፤ 91 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ለሕዝብ መንገዶች ተለይቶ የወጣው መመሪያ ደግሞ ወደ 48 ኢንች፣ ማለትም 122 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎታል። መንገዱ ከ1 ሜትር ከ52 ከጠበበም በየ61 ሜትሩ ሁለት ዊልቸሮች የሚተላለፉበት ሰፋ ያለ ቦታ እንዲኖር ይጠይቃል። የብሪታንያ መመሪያ ይበልጥ ለጋስ ነው፤ በተለመደው ሁኔታ 2 ሜትር፣ ካልተቻለ 1 ሜትር ተኩል፣ የማይነሳ እንቅፋት ካለ ደግሞ ቢያንስ 1 ሜትር ይላል። የገረመኝ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው፤ መንገዱ ወደ 1 ሜትር ቢጠብም ጥበቱ ከ6 ሜትር በላይ መርዘም የለበትም። አንድ ሰው በጠባብ ቦታ ለጥቂት እርምጃ ይታገሣል፤ ተከታትለው በቆሙ 10 ሱቆች ፊት ግን 10 ሰሌዳ እየጠበቀው ከሆነ፣ የሚሄደው በመንገድ ሳይሆን በስንጥቅ ውስጥ ነው።

እኛ ጋ ይህን የበለጠ የሚያከብደው ነገር አለ። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። መርካቶ ውስጥ ደግሞ መንገዱ የሰው ብቻ አይደለም፤ ካርቶን በጀርባው ቆልሎ «መንገድ! መንገድ!» እያለ የሚመጣውም ተሸካሚ ከትከሻው በብዙ የሰፋ ቦታ ይፈልጋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሁላችንም ጃንጥላ ስንዘረጋ በአንድ ጊዜ እጥፍ እንሰፋለን።

በትር የማይደርስበት ከፍታ

ዓይነ ስውር ሰው በከተማ ሲሄድ ነጩን በትር (ብዙዎቹ «ኬን» ነው የሚሉት) ከትከሻው ትንሽ አለፍ አድርጎ ግራና ቀኝ እያመላለሰ፣ እግሩ ሊያርፍበት ያለውን ቦታ አንድ እርምጃ ቀድሞ ይፈትሻል። ብዙ ጊዜ ግድግዳውን ወይም የመንገዱን ጠርዝ እንደ መሪ ገመድ ይከተላል። ከዚህም ሌላ ድምፅና ሽታ አለው፤ የዳቦ ቤቱ ሽታ፣ የቡና መፍጫው ጩኸት፣ ከሲሚንቶ ወደ ድንጋይ የሚለወጠው ንጣፍ። እነዚህ ተያይዘው በአእምሮው ካርታ ይሆናሉ። «ከዳቦ ቤቱ በኋላ ሁለት ምሰሶ፣ ከዚያ አንድ ደረጃ፣ ከዚያ የታክሲ ተራ» እያለ ይሄዳል።

በዚህ ካርታ ውስጥ ምሰሶ እንቅፋት ቢሆንም ታማኝ ነው፤ ትናንት የነበረበት ዛሬም አለ። ተንቀሳቃሽ ሰሌዳ ግን ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይገባል፤ ዛሬ በር ላይ ነው፣ ነገ ጠርዝ ላይ፤ ነፋስ ሲመጣ ደግሞ መሬት ላይ ተጋድሟል። ዓይን ላለው ሰው ይህ ምንም አይደለም። በማስታወስ ለሚሄድ ሰው ግን መንገዱ በየቀኑ በአዲስ መልክ ይዘጋል።

ሁለተኛው ችግር ከፍታ ነው። በትሩ የሚነካው ከታች ያለውን ነው። የአሜሪካው መስፈርት ይህን በሦስት ቁጥሮች አስቀምጦታል። ግድግዳ ላይ ያለ ነገር የታችኛው ጠርዙ ከመሬት 27 ኢንች (69 ሴንቲ ሜትር) ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በትሩ ያገኘዋል። 80 ኢንች (2 ሜትር ከ3) እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከራስ በላይ ያልፋል። በሁለቱ መካከል የሚገኝ ነገር ግን ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ መተላለፊያው እንዳይወጣ ይከለከላል፤ ምክንያቱም በትሩ ከሥሩ ያልፍና ግንባር ወይም ደረት ይቀድመዋል። በሰው ቁመት ልክ ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ባለ መብራት ሳጥን ታፔላ፣ ጫፉ የሾለ የቆርቆሮ ሰሌዳ፣ ወደ ውጭ የተከፈተ የመስኮት ብረት ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ራሳችሁን ያስመታችሁ ዝቅ ያለ ታፔላ ትዝ ካላችሁ፣ ዓይናችሁ እያየ የሆነው ነው።

ያ የ«ለ» ቅርጽ ያለው ሰሌዳስ? መሬት ላይ የቆመ ስለሆነ በትሩ ያገኘዋል ብሎ ማሰብ ይቻላል። ነገር ግን በጎኑ በኩል ሲመጡበት በትሩ በሁለቱ እግሮች መካከል ባዶ ቦታ ውስጥ ይገባል። ሰውየው መንገዱ ክፍት ነው ብሎ ሲራመድ የላይኛው ክፍል ሆዱ ላይ ያርፋል፤ በትሩ ውስጥ እንደተቀረቀረ ሰሌዳው ተጣጥፎ ይወድቃል። እግሮቹ እንደ ሸረሪት የተዘረጉ ቀጫጭን የባነር መቆሚያዎችም ከዚህ አይሻሉም። ሰሌዳ የግድ መቆም ካለበት፣ ሥሩ እስከ መሬት የተሞላና ድፍን የሆነው ይመረጣል።

ስለ ቢጫው ንጣፍም ሳልናገር አላልፍም። ጉብጉብና መስመር ያለውን የዓይነ ስውራን ንጣፍ የፈለሰፈው ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጠፈውም እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 ቀን 1967 ኦካያማ ከተማ በሚገኝ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ ነበር። ረዘም ረዘም ያለው መስመር «በዚህ ቀጥል» ማለት ነው፤ ክብ ክቡ ጉብጉብ «ቁም፣ ተጠንቀቅ» ማለት ነው። በአዲስ አበባ አዳዲስ የእግረኛ መንገዶች ላይም ይህን ንጣፍ እያየነው ነው። ሰሌዳ እዚህ መስመር ላይ ሲቆም ንጣፉ ጭራሽ ባይኖር ይሻል ነበር ያሰኛል። ሰውየው በጥንቃቄ ዳር ዳሩን መሄዱን ትቶ፣ መስመሩን አምኖ፣ መስመሩ ራሱ እየመራ ከብረቱ ጋር ያጋጨዋል።

ባለ ሱቁስ ለምን ያወጣዋል?

እስካሁን ያልኩትን ያነበበ ነጋዴ «ሰው ጠልቼ መሰለህ?» ቢለኝ አልፈርድበትም። ሰሌዳ የሚያወጣበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም የጂኦሜትሪ ነው። ከሱቁ በር በላይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ታፔላ ፊቱን ያዞረው ወደ ማዶ ነው። ከመንገዱ ወዲያ ማዶ የቆመ ሰው በደንብ ያነበዋል። በዚህ በኩል ግድግዳውን ይዞ የሚመጣው እግረኛ፣ ማለትም ሊገባ የሚችለው ሰው ግን ታፔላውን በጎን ነው የሚያየው፤ ስሙን ሳያነብ በሩን አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ነጋዴው ወደሚመጣው ሰው ፊት የዞረ ነገር ይፈልጋል። መሬት ላይ የሚቆም ሰሌዳ ይህን በርካሽ ያደርግለታል።

ከዚያ ጎረቤቱ ያያል። እሱም ያወጣል፤ ያውም አንድ እርምጃ ወደ ፊት ገፋ አድርጎ፣ የመጀመሪያው እንዳይከልለው። ሦስተኛው ከፍ ያለ ይሠራል። ስታዲየም ውስጥ ፊት ያለው ተመልካች ሲቆም ከኋላ ያለው ሁሉ ይቆማል፤ በመጨረሻ ሁሉም ቆሞ የሚያየው ተቀምጦ ያይ የነበረውን ያህል ነው፣ እግሩ ግን ይደክመዋል። የሰሌዳውም ነገር እንዲሁ ነው። አሥሩም ሲያወጡ ማንም ተለይቶ አይታይም፤ ብቻውን ለማስገባት የደፈረ ደግሞ እሱ ብቻ ይጠፋል። ነጋዴዎችን አንድ በአንድ «እባክህ አስገባ» ብሎ መለመን ፍሬ የማያፈራው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የፎቅና የጓሮ ነጋዴ ጉዳይ ነው። ሕንፃ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ልብስ ሰፊ፣ ምድር ቤት ያለ ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ በቀጭን መተላለፊያ ገብተው የሚያገኙት ቁርስ ቤት፤ እነዚህ መንገድ ላይ መስኮት እንኳ የላቸውም። ያቺ ሰሌዳ በራቸው ናት። ሰሌዳውን ብቻ አንስቶ የሚሄድ ደንብ እነሱን ከምድር ፎቅ ነጋዴ ይልቅ አብዝቶ ይጎዳል።

በሬ ላይ ነው ያቆምኩት

ደንብ አስከባሪ ሲመጣ በብዛት የሚሰማው መልስ ይህ ነው። «በሬ ላይ ነው ያቆምኩት፤ የማንን ቦታ ነካሁ?» በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ነጋዴው ወይም የሕንፃው ባለቤት ያለው የመጠቀም መብት በይዞታው ወሰን ያበቃል። አንዳንድ ሕንፃ ከመንገዱ ገባ ብሎ ስለተሠራ በፊቱ ያለው ባዶ ቦታ የራሱ ይዞታ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ላይ የቆመ ሰሌዳ ክርክሩ ሌላ ነው። ከወሰኑ ወዲያ ያለው ንጣፍ ግን በሩ ፊት ቢሆንም የሱ አይደለም። በር ላይ መሆኑ እንዲያውም ያባብሰዋል፤ ሰው የሚገባውም የሚወጣውም የሚያልፈውም እዚያው ነውና።

ሕጎቹ የሉም አይባልም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የውጭ ማስታወቂያን ይመለከታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ደንግጓል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 9 ተደራሽነትን ሲዘረዝር ከሕንፃዎች ጎን መንገዶችንም በስም ይጠራል። ችግሩ እነዚህ በተለያዩ እጆች ውስጥ መሆናቸው ነው። ስለ ማስታወቂያ የሚያስበው ሰው የሚያየው ጽሑፉንና ቦታውን ነው፤ ስለ ሕንፃ የሚያስበው ራምፑን (ዊልቸር የሚወጣበትን ተዳፋት) አይቶ በሩ ላይ ይቆማል። በሩና መንገዱ መካከል ያለችውን አንዲት ሜትር ማን ይለካ? ራምፕ ያለው በር ፊት ሰሌዳ ከቆመ ራምፑ ጌጥ ነው።

በዘመቻ ሰሌዳ ለቅሞ ፒካፕ ላይ መጫንን ሁላችንም አይተናል። ሳምንት ሳይሞላ ሰሌዳው ይመለሳል። እኔ በዚህ ዘመቻ ላይ ያለኝ ቅሬታ ጭካኔው ብቻ አይደለም፤ የማይለካ መሆኑ ነው። 4 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ዳር ላይ የቆመችውም፣ ጠባቡን መንገድ የደፈነችውም እኩል ይጫናሉ። ያመለጠው ደግሞ ሮጦ ያስገባው ነው። ሕጉ በሴንቲ ሜትር ካልተነገረ ነጋዴው የሚያከብረው መስመር የለውም፤ የሚጠብቀው የደንብ አስከባሪውን መምጫ ሰዓት ነው።

ኤዲንብራ ምን አደረገች?

የስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤዲንብራ አሮጌው ክፍሏ ጠባብ ነው፤ በድንጋይ ሕንፃዎች መካከል የሚሾልኩ ቀጫጭን መተላለፊያዎች አሏት፤ በነሐሴ የጥበብ ፌስቲቫሏ ሲከበር ደግሞ ሰው እንደ ጎርፍ ይሞላታል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 5 ቀን 2018 ጀምሮ በእግረኛ መንገድ ላይ የሚቆም ማንኛውንም ጊዜያዊ የንግድ ማስታወቂያ በመላ ከተማዋ ከለከለች። «ይህን ያህል ስፋት ከተረፈ ይፈቀዳል» አላለችም። ፈጽሞ አይቆምም አለች።

ይህ እኔ ከላይ ከሰበክሁት ልኬት ጋር ይጋጫል፤ ግን አመክንዮው አይናቅም። እያንዳንዱ ሰሌዳ ለብቻው ሲለካ ሊያልፍ ይችላል፤ አንድ መቶ ሜትር ውስጥ ሃያ ሆነው ሲደረደሩ ግን ሁሉም «ያለፉ» ሆነው መንገዱ መንገድ አይሆንም። በትር ለያዘ ሰው ደግሞ 1 ሜትር ከ20 የተረፈበትም ሰሌዳ ያልታሰበ እንቅፋት ነው። ሁሉን ለመለካትም በየቀኑ ሜትር ይዞ የሚዞር ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ ሰሌዳው ደግሞ እግር አለው። ፈጽሞ የተከለከለን ነገር ግን ማንም ሰው በዓይኑ አይቶ «ይህ መቆም የለበትም» ይላል።

የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ክልከላውን ደገፉ። ተቃውሞው የመጣው ከጠበቅነው ወገን ነው፤ ከዋናው ጎዳና ገባ ብለው፣ በጓዳ መተላለፊያና በምድር ቤት ካሉ ትናንሽ ሱቆች። የአዲስ አበባው አራተኛ ፎቅና የኤዲንብራ ጓዳ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ።

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ አካባቢ

ለአሜሪካ ወገኖቻችን ነገሩ ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለት ነገሮች ሆኑ። ሎስ አንጀለስ ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና ያለውን ሰፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» ብላ በይፋ ሰየመች። በዚያው ዓመት የካሊፎርኒያን ጉዳይ የሚያየው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ሳክራሜንቶ ከተማ በተከሰሰችበት መዝገብ፣ የእግረኛ መንገድ ራሱ ከተማ ለነዋሪው የምትሰጠው አገልግሎት ነው ሲል ፈረደ። ቃሉ ትንሽ ቢመስልም ውጤቱ ትልቅ ነው። አገልግሎት ከሆነ አካል ጉዳተኛን ሳያገል መሰጠት አለበት፤ ካልሆነ አድልዎ ነው። በዚህ መንገድ ተከሳ ሎስ አንጀለስ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2015 በ30 ዓመት ውስጥ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለእግረኛ መንገዶቿ ጥገና ለማውጣት ተስማማች።

የተሰባበረ ንጣፍና የቆመ ሰሌዳ ምን አገናኛቸው ለሚል፣ ከፌርፋክስ ብዙም ሳይርቅ «ከልቨር ሲቲ» በምትባል ከተማ የሆነውን እነሆ። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አንድ አዛውንት የመንገዱን ራምፕ ሊጠቀሙ ሲሉ በከተማው ፈቃድ የሚካሄድ የመኪና ትርኢት ላይ የነበረ ሻጭ ዕቃውን ራምፑ ላይ ደርድሮ አገኙት። ዞረው ሊያልፉ ሲሉ ጠርዙ ላይ ተደናቅፈው ወደቁ። የሥር ፍርድ ቤት ክሱን ዘግቶት ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው እ.ኤ.አ. በ2014 ውሳኔውን ሽሮ ከተማዋ ልትጠየቅ ትችላለች አለ። ልብ በሉ፤ ዕቃው የሻጩ ነው፣ ራምፑም ደህና ነው፤ ከተማዋ ግን የራሷን አገልግሎት ሌላ ሰው ሲዘጋው ዝም ብላ ማየት አትችልም። በአሜሪካ ከተሞች ሰሌዳ ያወጣ ባለ ሬስቶራንት ከተማው አጥብቆ ሲይዘው «ለምን በእኔ ላይ?» ከማለቱ በፊት ይህን ቢያውቅ ደግ ነው።

እዚያው ፍርድ ቤት ለነጋዴም ፈርዷል። ሬድመንድ በምትባል የዋሽንግተን ግዛት ከተማ አንድ ቤግል የሚባለውን ዳቦ የሚሸጥ ሰው ሠራተኛውን ማስታወቂያ አሸክሞ መንገድ ዳር አቆመው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ተንቀሳቃሽ ማስታወቂያ ክልክል ነው ብላ አስቆመችው። በሕጉ ግን የሚሸጥ ቤት የሚያስተዋውቁ ሰሌዳዎች ተፈቅደው ነበር። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ክልከላውን አፈረሰው፤ የከተማዋ ሐሳብ ለትራፊክ ደኅንነትና ለውበት ከሆነ የቤት ሽያጩ ሰሌዳ ከዳቦው በምን ይለያል? ይህችን ወደ አገር ቤት አመጣት ዘንድ ፍቀዱልኝ። የነጋዴ ሰሌዳ በሚለቀምበት መንገድ ላይ የመሥሪያ ቤት «እንኳን አደረሳችሁ» ባነር፣ የባንክ ቁጠባ ማስታወቂያ፣ የስብሰባ ቀስት መሃል ለመሃል ቆሞ ሲታይ ነጋዴው ሕጉ ስለ እግረኛ ነው ቢሉት አያምንም። በትር ጽሑፍ አያነብም፤ ሁሉም እንቅፋት ነው።

ምን ይሻላል?

የመጀመሪያው መፍትሔ የጂኦሜትሪው መልስ ነው፤ ከግድግዳው ወደ ውጭ ወጣ ብሎ፣ ፊቱን ወደሚመጣው እግረኛ አዙሮ የሚሰቀል አነስ ያለ ታፔላ። ከራስ በላይ እስከሆነ ድረስ፣ ቢያንስ ከ2 ሜትር ከ3 በላይ፣ የማንንም መንገድ አይነካም፤ ነጋዴው ከሰሌዳው ይፈልገው የነበረውን ግን ሁሉ ይሰጠዋል። እንዲያውም ሰው ሲበዛ ከሰው ጭንቅላት በላይ ስለሚታይ መሬት ላይ ካለው ይበልጣል። ችግሩ ከሰሌዳው ይወደዳል፣ ብረታ ብረት ሠሪና ፈቃድም ይፈልጋል። ከተማው ለዚህ ዓይነቱ ታፔላ ፈቃዱን ቢያቀል፣ ሰሌዳ ከሚያስለቅም ይልቅ ብዙ ሰሌዳ በፈቃዱ የሚገባ ይመስለኛል።

ለፎቅ ነጋዴዎች መልሱ ያለው ከሕንፃው ባለቤት ዘንድ ነው። መግቢያው ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ፣ በየፎቁ ማን እንዳለ የሚዘረዝር አንድ ትልቅ ሰሌዳ። ብዙ ሕንፃ አለው፤ ግን ሦስት ዓመት የቆየ ነው፣ የወጣ ተከራይ ስም አለበት፣ የገባው የለበትም። ኪራይ በየዓመቱ የሚጨምር ሰው የተከራይዋን ስም ደግሞ በየዓመቱ ቢያድስላት ምናለበት?

ሰፊ በሆኑት መንገዶች ላይ፣ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት በኋላ ብዙ እንዲህ ያሉ አሉ፣ ሰሌዳ ፈጽሞ አይቁም አልልም። ዛፉና ምሰሶው ባሉበት መስመር ላይ ይቁም፤ እዚያ ድሮም ሰው አይሄድም። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይሁን፤ ሥሩ እስከ መሬት ድፍን ይሁን፤ ቀለሙ ከንጣፉ ይለይ፤ መብራት ለማብራት የኤሌክትሪክ ገመድ ንጣፉን አያቋርጥ። ቢጫው ንጣፍ ላይና ራምፕ ፊት ግን በምንም ምክንያት አይሁን። በጠባቦቹ ላይ እኔም ከኤዲንብራ ጋር ነኝ፤ 2 ሜትር ያልሞላ መንገድ ለሰሌዳ የሚተርፍ የለውም።

ሱቅ ያላችሁ፣ ሜትር ፍለጋ መሄድ አያስፈልጋችሁም። የተለመደው ጃንጥላ ሲዘረጋ ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ገደማ ነው። ዘርግታችሁ ወገባችሁ ድረስ ዝቅ አድርጋችሁ በሰሌዳችሁና በግድግዳው መካከል፣ ቀጥሎም በሰሌዳችሁና በጠርዙ መካከል እለፉ። በአንዱ በኩል እንኳ ሳይነካ ካላለፈ ዊልቸር የያዘው ደንበኛችሁ ዛሬ ጠዋት በአስፋልቱ ነው የሄደው።